የሰው ኃይል አስተዳደርና የድርጅት ውጤት፦ ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

የድርጅት መሪዎች በየዓመቱ በሚያወጡት መግለጫ «ከሁሉ የሚበልጠው ሀብታችን ሠራተኛችን ነው» ማለትን ልማድ አድርገውታል። ችግር በመጣ ጊዜ ግን አስቀድሞ የሚቀነሰው የሥልጠና በጀት፣ አስቀድሞ የሚሰናበተውም ያው ሠራተኛ ነው። ንግግሩና ድርጊቱ ይህን ያህል መራራቃቸው አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ያስነሣል። ሰውን በሥርዐት መመልመል፣ ማሠልጠን፣ እንደ ችሎታው መሾምና ጠብቆ ማቆየት የአንድን ድርጅት ውጤት በእርግጥ ይለውጣልን? ወይስ ድርጅቱ በሌላ ምክንያት ከበለጸገ በኋላ ከትርፉ ላይ ቀንሶ የሚያደርገው በጎ አድራጎት ነው?

ይህ ጥያቄ ለአገራችን ሰዎች የተለየ ክብደት አለው። ከጣሊያን ወረራ ማግሥት ጀምሮ በኢትዮጵያ የተቋቋሙ ድርጅቶች ብዙ ናቸው። የራሳቸውን ሰው አሠልጥነው፣ ያሠለጠኑትን ለኃላፊነት አብቅተው፣ ሦስት ሥርዐተ መንግሥት ሲለዋወጥ ሳይፈርሱ የቀጠሉት ግን በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። አየር መንገዱን ለማመስገንም ሆነ ለመንቀፍ የተጻፈ ጽሑፍ አይጠፋም። የእኛ ዓላማ ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። የድርጅቱን ታሪክ እንደ ማስረጃ ወስደን፣ ከላይ የተጠቀሰውን ጥያቄ ለመመርመር እንሞክራለን።

ይህን ድርጅት የመረጥንባቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ሠራተኛን ስለ ማሠልጠንና ስለ መተካት የተደረሰው ስምምነት በጽሑፍ ውል የሰፈረ በመሆኑ ቀኑን እየጠቀሱ መከታተል ይቻላል። ሁለተኛ፣ በተቀራራቢ ዘመን የተመሠረቱ የአፍሪካ አየር መንገዶች ብዙዎቹ ስለ ፈረሱ ማነጻጸሪያ አለን። ሦስተኛ፣ ድርጅቱን ያስተማረው የአሜሪካ አየር መንገድ ራሱ ዛሬ የለም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እናሳስባለን።

1. የምሁራኑ ክርክር

በሰው አያያዝና በሥራ ውጤት መካከል ስላለው ግንኙነት መጻፍ የተጀመረው ዛሬ አይደለም። ፍሬድሪክ ቴይለር በ1911 ባሳተመው መጽሐፍ እያንዳንዱ ሥራ በሰዓት ተለክቶ ቢመረመር ምርት እንደሚጨምር አስተማረ። ከ1924 እስከ 1932 በቺካጎ አጠገብ በሚገኘው የሆቶርን ፋብሪካ የተደረጉት ጥናቶች ደግሞ ሠራተኛው በሰዓትና በደመወዝ ብቻ የሚንቀሳቀስ ፍጡር አለመሆኑን፣ የሚሠራበት ማኅበራዊ አካባቢና የሚሰጠው ትኩረትም ዋጋ እንዳላቸው የሚያሳዩ ተደርገው ተወሰዱ። የጥናቶቹ ትርጓሜ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ቢሆንም አቅጣጫውን መለወጣቸው አይካድም።

ነገሩን በቍጥር ለማረጋገጥ ከተደረጉት ሙከራዎች እጅግ የታወቀው ማርክ ሁሴሊድ የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር በ1995 ያቀረቡት ጥናት ነው። ሁሴሊድ ወደ 1,000 ከሚጠጉ የአሜሪካ ኩባንያዎች መረጃ ሰብስበው፣ በጥንቃቄ የሚመለምሉ፣ በሰፊው የሚያሠለጥኑ፣ ዕድገትን ከሥራ ውጤት ጋር የሚያያይዙ ድርጅቶች ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው ጻፉ። በእርሳቸው ስሌት መሠረት፣ በእነዚህ አሠራሮች አንድ የስታቲስቲክስ እርከን ከፍ ያለ ድርጅት ሥራ የሚለቅበት ሠራተኛ 7.05 በመቶ ያንሳል፤ በአንድ ሠራተኛ የሚያገኘው የዓመት ሽያጭ በ27,044 ዶላር፣ ትርፉም በ3,814 ዶላር ይበልጣል።

ቍጥሩ ብዙዎችን አስደሰተ፤ የሰው ኃይል ኃላፊዎችም በየስብሰባው ጠቀሱት። ሆኖም ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸው አንዱ የሌላው ምክንያት ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። በ2003 ዴቪድ ጌስትና ባልደረቦቻቸው 366 የብሪታንያ ድርጅቶችን መርምረው የታወቀ ውጤት አቀረቡ። በመጀመሪያ ሲታይ በርከት ያሉ የሰው ኃይል አሠራሮችን የሚጠቀሙ ድርጅቶች በአንድ ሠራተኛ የሚያገኙት ትርፍ ከፍ ያለ ነበር። ነገር ግን የድርጅቶቹ ያለፈው ዘመን ትርፍ በስሌቱ ውስጥ ሲገባ ግንኙነቱ ትርጉም እስከማይሰጥ ድረስ ደከመ። ይህም ማለት ሠራተኛውን በደኅና የያዘው ድርጅት ስለያዘው አተረፈ ከማለት ይልቅ ቀድሞውኑ ስላተረፈ ሠራተኛውን በደኅና ለመያዝ ዐቅም አገኘ የሚለው አስተያየት ሚዛን ሊደፋ ይችላል ማለት ነው።

መጠይቅ ልኮ መልስ የሚሰበስብ ጥናት ይህን እንቆቅልሽ በቀላሉ አይፈታውም፤ የሚይዘው የአንድን ጊዜ ፎቶግራፍ ነውና። የታሪክ ሰው ግን አንድ ዕድል አለው። የትኛው እንደቀደመና የትኛው እንደተከተለ በዓመተ ምሕረት መጠየቅ ይችላል። እኛም ወደ ጉዳያችን የምንገባው በዚህ በር ነው።

2. ውሉና መነሻው (1945–1953)

የኢትዮጵያ መንግሥት ትራንስኮንቲነንታል ኤንድ ዌስተርን ኤር ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር፣ ማለትም በ1950 ትራንስ ወርልድ ኤርላይንስ ተብሎ ከተሰየመውና በአጠራሩ ቲ.ደብሊው.ኤ. ከሚባለው ድርጅት ጋር፣ ስምምነት ያደረገው በመስከረም 1945 ነበር። ድርድሩን ከኢትዮጵያ በኩል የመሩት የውጭ ጉዳይ አማካሪ የነበሩት አሜሪካዊው ጆን ስፔንሰር ናቸው። ባለቤትነቱ የኢትዮጵያ መንግሥት ሆኖ፣ አመራሩና ሙያው የኩባንያው እንዲሆን ተወሰነ። የመጀመሪያው በረራ ሚያዝያ 8 ቀን 1946 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ካይሮ ደረሰ። አውሮፕላኖቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ የዳግላስ ኩባንያ ሥሪት ሲ-47 የጭነት አውሮፕላኖች ነበሩ።

በዚያን ጊዜ አብራሪው፣ መካኒኩና ዋና ሥራ አስኪያጁ አሜሪካውያን ነበሩ። ይህ የሚያስደንቅ አልነበረም። የአምስቱ ዓመት ወረራ የተማረውን ወጣት ክፉኛ አመናምኖታል። የአየር ኃይሉ ማሠልጠኛም በስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መሪነት በቢሾፍቱ ገና መቋቋሙ ነበር። አየር መንገዱ በ1946 ትርፍ አልነበረውም፣ ስምም አልነበረውም። መንገደኞች በአውሮፕላኑ ግድግዳ ተርታ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው መካከሉን ቡና፣ ቆዳና ሌላም ጭነት ይሞላው ነበር። በየጠቅላይ ግዛቱ የነበሩት ማረፊያዎች አብዛኛዎቹ የሣር ሜዳዎች ነበሩ፤ በክረምት ጭቃው አውሮፕላን ይይዛል።

ከእኛ ጥያቄ አንጻር ትልቁ ዓመት 1953 ነው። በዚያ ዓመት የታደሰው ውል የድርጅቱ የመጨረሻ ግብ ሥራውን ሙሉ በሙሉ በኢትዮጵያውያን እጅ ማስገባት መሆኑን አስቀመጠ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። በዘመኑ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ የሚመጡ የውጭ ባለሙያዎች ውል በብዙ ቦታ የባለሙያውን ደመወዝ፣ ቤትና ፈቃድ በዝርዝር ሲጽፍ፣ ባለሙያው ሥራውን ለማን አስረክቦ እንደሚሄድ ግን ዝም ይላል። የአየር መንገዱ ውል ግን መምህሩን «ራስህን ከሥራ የምታስወጣበትን ቀን አዘጋጅ» የሚል ነበር። ውሉ የተጻፈው ድርጅቱ ከበለጸገ በኋላ አይደለም። ዋናዎቹ መስመሮች ገና ሳይዘረጉ፣ ጄት አውሮፕላንም ገና ሳይገዛ ነው። የቅድምና ጥያቄ በዚህ ጉዳይ ላይ ግልጽ መልስ አለው፤ ሰውን የማብቃት ግዴታ ከታላቁ ውጤት ቀድሟል።

3. የመተካቱ ጉዞ (1953–1975)

ግዴታ በወረቀት ላይ መስፈሩ ብቻውን ፍሬ አያፈራም። የማሠልጠኛው ሥራ በ1956 በአዲስ አበባ ተጀመረ። በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በዲሲ-3 አውሮፕላን የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የንግድ አውሮፕላን ካፒቴን ሆኑ። በ1964 የአብራሪዎች ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1966 በተሻሻለው ውል መሠረት ኢትዮጵያዊ ምክትል ዋና ሥራ አስኪያጅ ተሾመ። በ1970 የቲ.ደብሊው.ኤ. ሥልጣን ከአስተዳዳሪነት ወደ አማካሪነት ዝቅ አለ። በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። በ1975 አሜሪካውያኑ ከሠላሳ ዓመት ቆይታ በኋላ ሥራውን አስረክበው ሄዱ።

እነዚህን ዓመታት አከታትሎ የሚመለከት ሰው አንድ ሥርዐት ያስተውላል። ርክክቡ የተጀመረው ከላይ ሳይሆን ከታች ነው። አስቀድሞ መካኒኩና አብራሪው፣ ቀጥሎ ካፒቴኑ፣ ከዚያ ምክትሉ፣ በመጨረሻ ዋናው። በብዙ አዳዲስ ነጻ አገሮች የተደረገው የዚህ ተቃራኒ ነበር። ሊቀ መንበሩና ዋና ሥራ አስኪያጁ በአንድ ቀን ዜግነታቸው ይለወጥና፣ አውደ ጥናቱና የአብራሪው ክፍል ለብዙ ዓመታት በውጭ ሰዎች እጅ ይቀራል። እንዲህ ያለው ድርጅት ባንዲራው የአገሩ ነው፤ እጁና ዐይኑ ግን የሌላ ነው።

ለውጡ በውጤት ላይ የሠራው በምን መንገድ ነው? ቢያንስ ሦስት መንገዶችን መለየት እንችላለን።

የመጀመሪያው ወጪ ነው። የውጭ አገር ካፒቴን ደመወዙን በዶላር ይቀበላል፤ ቤት፣ የልጆች ትምህርት ቤትና በየጊዜው ወደ አገሩ መመላለሻ ይሰጠዋል። በእርሱ ቦታ አንድ ኢትዮጵያዊ በተተካ ቍጥር ድርጅቱ እጅግ የሚያስፈልገውን የውጭ ምንዛሪ ያድናል። ይህ ገንዘብ አውሮፕላንና መለዋወጫ ለመግዛት ሊውል ይችላል።

ሁለተኛው ልምድ በድርጅቱ ውስጥ መቅረቱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተሩ ኃይል ያጣል፤ ክንፉም የሚያነሣው ክብደት ይቀንሳል። ስለዚህ ከባድ አውሮፕላን ለመነሣት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። በ1962 መጨረሻ የመጡት ቦይንግ 720ቢ ጄቶች የቦሌን አዲስ ማረፊያ ግድ ያሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ የልደታው አሮጌ ሜዳ ሊያስተናግዳቸው አይችልም ነበር። የክረምቱን ደመና፣ የሰሜኑን ተራራ፣ የምዕራቡን የሣር ሜዳ ጠባይ ማንም በመጽሐፍ አይማረውም። ሁለት ዓመት ሠርቶ የሚሄድ ባለሙያ ይህን ዕውቀት ይዞት ይሄዳል፤ ሠላሳ ዓመት የሚቆይ ግን ለተከታዩ ያወርሰዋል።

ሦስተኛው ተስፋ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ የገባ ወጣት ከፊቱ ያሉትን ደረጃዎች ያያል። ከእርሱ በፊት የገባው ጓደኛው ካፒቴን ሆኗል፤ የእርሱም ተራ እንደሚደርስ ያውቃል። ሰው ነገ የሚያድግበትን ቤት ዛሬ በጥንቃቄ ይይዘዋል። የአውደ ጥናቱ ሥራ በአሜሪካ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ተመርምሮ ፈቃድ እስከ ማግኘትና የሌሎች አገሮችን አውሮፕላኖች እየተቀበለ እስከ መጠገን የደረሰው፣ ማሠልጠኛውም ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች ተማሪዎችን የተቀበለው በዚህ መሠረት ላይ ቆሞ ነው። በዚህም የሰው ኃይል ሥራ የወጪ መዝገብ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ገቢ የሚያስገባ ሆነ።

4. የፈተናው ዘመን (1974–1991)

የአንድ አስተዳደር ጥንካሬ የሚለካው በደግ ዘመን አይደለም። በ1974 የፈነዳው አብዮት አየር መንገዱን ከሁለት አቅጣጫ ፈተነው።

የመጀመሪያው ፈተና የሠራተኛው ድምፅ ነው። በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በመጋቢት 1974 አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠርቶ ኃይሉን አሳይቶ ነበር። ወታደራዊው መንግሥት ሥልጣን ከያዘ በኋላ ግን ነጻ የሆነ የሠራተኛ ማኅበርን ሊታገሥ አልቻለም። በመስከረም 1975 የማኅበሩ ጽሑፍ በቦሌ ለአየር መንገዱ ሠራተኞች ሲታደል የጸጥታ ኃይሎች ተኩስ ከፈቱ፤ ሰዎችም ሞቱ። ሳምንት ሳይሞላ በአዲስ አበባ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አዲስ የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ወጣ፤ አሮጌው ማኅበር ፈርሶ በመንግሥት ሥር ያለ ሌላ ማኅበር ተተካ።

ይህን የምናነሣው ለሐዘን ብቻ አይደለም። ስለ ሰው ኃይል አስተዳደርና ስለ ውጤት የሚጽፉ ምሁራን ብዙ ጊዜ የሚረሱት ነገር ስላለ ነው። ሁሴሊድን የመሰሉ ጸሐፊዎች የቅሬታ ማቅረቢያ ሥርዐትንና የሠራተኛውን ተሳትፎ ከጥሩ አሠራሮች መካከል ይቈጥሯቸዋል። የእኛ አየር መንገድ ታሪክ በሥልጠናና በዕድገት በኩል ያማረ ሲሆን፣ በዚህ በኩል ግን ደም ያለበት ገጽ አለው። ድርጅት ያተረፈ መሆኑ በውስጡ ያሉት ሰዎች መናገር ይችሉ ነበር ማለት አይደለም። ሁለቱን መለየት የታሪክ ጸሐፊ ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ጣልቃ ገብነት ነው። ከ1974 በኋላ በነበሩት ዓመታት የሙያ ሹመት በፖለቲካ ታማኝነት መለካት ጀመረ፤ ብዙ ባለሙያዎች አገር ለቀው ወጡ፤ ጦርነቱና የመንገደኛው መቀነስ ተጨምሮበት ድርጅቱ ወደ ኪሳራ አፋፍ ተቃረበ። አውሮፕላኖቹ ያው ነበሩ፤ ሕንፃውም ያው ነበር። የተለወጠው ሰው የሚሾምበትና የሚታዘዝበት መንገድ ነው። በ1980 ካፒቴን መሐመድ አሕመድ በዋና ሥራ አስኪያጅነት ተሾሙ። ከድርጅቱ ውስጥ የወጡ አብራሪ ነበሩ። የሠራተኛው ቍጥር ተቀነሰ፤ ወጪው ተቈጠበ፤ ድርጅቱም እንደ ንግድ ድርጅት እንዲሠራ ዕድል ተሰጠው። መንግሥቱ ከሶቪየት ኅብረት ጋር በእጅጉ ተወዳጅቶ በነበረበት በዚያው ዘመን አየር መንገዱ ቦይንግ 767 አውሮፕላኖችን ገዛ። ከእነርሱ አንዱ ሰኔ 1 ቀን 1984 ከዋሽንግተን ተነሥቶ በየትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ አዲስ አበባ ደረሰ። ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን በዘመኑ የርቀት ክብረ ወሰን ነበር።

ዓመቱ 1984 መሆኑን አንዘነጋም። በዚያው ዓመት በወሎና በትግራይ ሕዝብ በረኀብ ያልቅ ነበር። በአንድ አገር ውስጥ አንድ ተቋም የዓለምን ደረጃ ሲነካ የቀረው መንግሥታዊ አካል ዜጋውን ከሞት ማዳን አለመቻሉ፣ ችግሩ የኢትዮጵያዊ ችሎታ ማጣት እንዳልነበረ ያስረዳል። ልዩነቱ ሙያ የሚሾምበትና እውነት የሚነገርበት ቦታ በመኖሩና ባለመኖሩ ላይ ነበር።

5. መምህሩና ተማሪው

አየር መንገዱ የረዳው በመንግሥት የተጠበቀ ብቸኛ ድርጅት መሆኑ ነው፣ አቀማመጡም አፍሪካን ከእስያና ከአውሮፓ የሚያገናኝ ነው የሚል ሙግት ይቀርባል። እውነትነት አለው። ነገር ግን በመንግሥት የተጠበቁት ሌሎችም ነበሩ። የምሥራቅ አፍሪካ አየር መንገድ በ1977 ፈረሰ። የዛምቢያው በ1994፣ በ1961 በአሥራ አንድ አገሮች የተቋቋመው ኤር አፍሪክ በ2002፣ የናይጄሪያው በ2003 ተዘጉ። የእያንዳንዳቸው ውድቀት የየራሱ ምክንያት አለው፤ ነዳጅ፣ ዕዳ፣ የአገሮች ጠብ። ሆኖም ስለ ኤር አፍሪክና ስለ ናይጄሪያው ድርጅት በተጻፈው ሁሉ የማይቀር አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ከሚያስፈልገው በላይ የበዛ ሠራተኛና ከሙያ ውጪ የመጣ ሹመት ነው። ጥበቃ ለሁሉም ተሰጥቶ ነበር፤ ሁሉም ግን አልቆሙም።

ከሁሉ የሚያስገርመው የራሱ የመምህሩ ዕጣ ነው። ቲ.ደብሊው.ኤ. የአሜሪካ ኩራት የነበረ ድርጅት ነው። የአሜሪካ የአየር ገበያ በ1978 ለውድድር ከተከፈተ በኋላ ተዳከመ። በ1985 ካርል አይካን የተባሉት ባለሀብት ተቈጣጠሩት። በ1986 የበረራ አስተናጋጆች በደመወዝ ቅነሳና በሥራ ሰዓት መጨመር ምክንያት አድማ ሲመቱ ድርጅቱ በምትካቸው ሌሎችን ቀጠረ፤ ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1991 ዋና ዋናዎቹ የለንደን መስመሮች ለተወዳዳሪ ተሸጡ። በ1992፣ በ1995ና በ2001 ሦስት ጊዜ ወደ ኪሳራ ፍርድ ቤት ሄደ። ከመጀመሪያው ኪሳራ ሲወጣ በ1993 ሠራተኞች ደመወዛቸውን ቀንሰው የድርጅቱን 45 በመቶ ያህል ድርሻ ያዙ፤ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ታኅሣሥ 1 ቀን 2001 የመጨረሻው በረራ ተደረገ።

የቲ.ደብሊው.ኤ.ን ሞት በሰው አያያዝ ብቻ ለማስረዳት መሞከር ከእውነት መራቅ ይሆናል። ዕዳው ብቻውን የሚገድል ነበር። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነጥብ ነው። ሁለቱም ድርጅቶች አንድ ዓይነት የጥገና መጽሐፍ፣ አንድ ዓይነት የበረራ ሥርዐት፣ አንድ ዓይነት አውሮፕላን ነበራቸው። ይህ ሁሉ መምህሩን አላዳነውም። ዕውቀት በድርጅት ውስጥ የሚኖረው ዕውቀቱን የያዘው ሰው ነገም በዚያው እንደሚኖር ሲያምን ነው።

6. የሠለጠነው ሰው መሄድ

ሥልጠና ሌላም ፊት አለው። በሚገባ የሠለጠነ ሰው ሌላም ቤት ይፈልገዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ አየር መንገዶች በፍጥነት ሲያድጉ የኢትዮጵያን አብራሪዎችና ቴክኒሽያኖች በብዙ እጥፍ ደመወዝ ወሰዱ። ይህን መጽሔት በባሕረ ሰላጤው ወይም በአሜሪካ ሆነው ከሚያነቡት መካከልም በቦሌ የሠለጠኑ እንደሚገኙ እናምናለን። አየር መንገዱ ሠልጣኙን በአገልግሎት ግዴታና በዋስ ለማሰር ሞክሯል። ዋስ ግን ሰውን ለጥቂት ዓመታት ያቆያል እንጂ ልቡን አይይዝም። የተሻለው መፍትሔ ከሚሄደው በላይ ማሠልጠንና የዕድገቱን በር ክፍት አድርጎ መጠበቅ ሆኖ ተገኝቷል።

የበሩ ክፍትነት ማስረጃ አለው። በ2004 ዋና ሥራ አስኪያጅ የሆኑት አቶ ግርማ ዋቄ ቀድሞ የድርጅቱ ባለሙያ የነበሩ፣ በባሕረ ሰላጤው ሠርተው የተመለሱ ሰው ናቸው። በ2011 የተተኩት አቶ ተወልደ ገብረ ማርያምና በ2022 የተሾሙት አቶ መስፍን ጣሰው ሁለቱም በዝቅተኛ ደረጃ ተቀጥረው ከታች እስከ ላይ የወጡ ናቸው። አቶ መስፍን ከሹመታቸው በፊት በሎሜ የሚገኘውን አስካይ የተባለውን አየር መንገድ ይመሩ ነበር። አስካይ በ2010 በረራ ሲጀምር አመራርና ሙያ የሰጠው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። በ1945 ካንሳስ ሲቲ ላይ ዋና መሥሪያ ቤት የነበረው ድርጅት ለአዲስ አበባ የሠራውን፣ ከስልሳ አምስት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ለሎሜ ሠራች። በ2023 በተጠናቀቀው የበጀት ዓመት የድርጅቱ ገቢ ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል።

7. የ2019 ሐዘንና የሥልጠና ክርክር

መጋቢት 10 ቀን 2019 የበረራ ቍጥር 302 በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። ሐዘኑ ሳይበርድ በአሜሪካ ምክር ቤት የሚገኙ አንድ የሕዝብ እንደራሴ፣ አብራሪዎቹ በአሜሪካ የሠለጠኑ ቢሆኑ ኖሮ ሊቈጣጠሩት ይችሉ ነበር የሚል አስተያየት ሰጡ። የስድሳ ዓመት ሥልጠና በአንድ ዐረፍተ ነገር ተዋረደ።

ምርመራው ሌላ ነገር አወጣ። የምክር ቤቱ ኮሚቴ በ2020 ባወጣው ዘገባ አምራቹ በንድፍ ላይ የፈጸመውን ስሕተትና የቁጥጥር ባለሥልጣኑን መላላት በዝርዝር አሳየ። የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች የሚደፋው ኤምካስ የተባለው ሥርዐት ለአብራሪዎች በሚገባ አልተገለጠም ነበር። አምራቹ አዲሱ አውሮፕላን በምስለ በረራ መሣሪያ ተጨማሪ ሥልጠና እንዳያስፈልገው አጥብቆ ፈልጓል፤ ለአንድ ትልቅ ደንበኛም ሥልጠናው ግድ ቢሆን በእያንዳንዱ አውሮፕላን አንድ ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስ ቃል ገብቷል። በጥር 2021 ሁለት ባለሙያዎቹ የቁጥጥር ባለሥልጣኑን ማሳሳታቸውን ድርጅቱ አምኗል። በሌላ በኩል የአሜሪካና የፈረንሳይ የአደጋ መርማሪዎች የኢትዮጵያ የመጨረሻ ዘገባ የአብራሪዎቹን ድርጊት በበቂ አልመረመረም ብለዋል። ይህንም መጥቀስ ተገቢ ነው።

ለጥያቄያችን ግን ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አይገኝም። ሥልጠና እንደ ወጪ ብቻ ሲቈጠር፣ ወጪውን ለማስቀረት የተደረገው ብልኀት ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ ቦይንግ ራሱ በቢሊዮን በሚቈጠር ገንዘብና በጠፋ ስም ተምሮታል። ሟቾቹ ግን አይመለሱም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ምን እንያዝ? አንደኛ፣ በዚህ ጉዳይ ሰውን የማብቃት ግዴታ ከውጤቱ ቀድሟል፤ ከትርፍ የተረፈ በጎ አድራጎት አልነበረም። ሁለተኛ፣ የሠራው የአሠራሮች ዝርዝር ሳይሆን የቃል ጽናት ነው፤ ውል ተጻፈ፣ በየጊዜው ታደሰ፣ በደረጃ ተፈጸመ። ሦስተኛ፣ ሹመት ከሙያ በተለየበት ጊዜ ውጤቱ ወዲያው ወደቀ። አራተኛ፣ ትርፍ የሠራተኛውን ድምፅ አይተካም፤ በዚህ በኩል ያለው ዕዳ ገና አልተከፈለም። አንድ ድርጅት ለሁሉም ሕግ አይሆንም፤ ምርመራችንም የመጨረሻው ቃል አይደለም።

ለእኛ፣ በአገር ወጪ ተምረን በሰው አገር ለቀረነው፣ ይህ ታሪክ አንድ የማይመች ጥያቄ ይተዋል። በየስብሰባችን ወደ አገር ቤት ዩኒቨርሲቲዎችና ሆስፒታሎች ሄደን ስለ ማስተማርና ስለ መርዳት እንነጋገራለን፤ ብዙዎቻችንም በክረምት ፈቃዳችን ሄደን አስተምረናል። ምስጋናና ሽኝት ተቀብለን ተመልሰናል፤ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ትምህርት ለማስተማር ደግመን ተጠርተናል። በቦታችን ማን እንደሚተካ ግን በውል አልጻፍንም። በ1953 አንድ የባዕድ አገር ኩባንያ የፈረመውን ግዴታ እኛ ልጆቿ አለመፈረማችን ሊያሳስበን ይገባል። ማኅበራችን ከእንግዲህ ከአገር ቤት ተቋማት ጋር በሚያደርገው ስምምነት ሁሉ የመጀመሪያው አንቀጽ አንድ ጥያቄ ቢመልስ እንመክራለን፤ ይኸውም የእኛ መምጣት የማያስፈልግበት ዓመት መቼ ነው የሚለው ነው።